ለፎቶግራፍ ሥራ የሚሆነውን መብራት ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)

ፎቶግራፍ የሚለው ስም ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ዘንድ ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ብርሃኑ ሊያስብ በተገባው ነበር። የምናየው ግን ሌላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን በመሣሪያ ለማደራጀት ሲነሣ፣ ወይም አንድ ወጣት ፎቶግራፍ ቤት ከፍቶ ለማደር ሲያስብ፣ ካለው ገንዘብ አብዛኛውን ለካሜራው ይመድብና መብራቱን በተረፈችው ይገዛል፤ ሲገዛም በሣጥኑ ላይ ብዙ ዋት የተጻፈበትን ይመርጣል።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ምናልባት ፎቶግራፍ አንሺ አይደሉም። ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤትዎ የግዥ ኮሚቴ አባል ሆነው ስለ እነዚህ ዕቃዎች የቴክኒክ ዝርዝር እንዲጽፉ አንድ ቀን ሊታዘዙ ይችላሉ። ወይም የእኅትዎ ልጅ ለፎቶግራፍ ቤት ማቋቋሚያ ብድር ሊወስድ ፈልጎ «ዋስ ይሁኑኝ» ብሎ ይመጣብዎ ይሆናል። ያን ጊዜ የመንግሥትም ገንዘብ ቢሆን የእርስዎ ፊርማ ያለበት ገንዘብ በከንቱ እንዳይፈስ፣ ስለ መብራት ጥቂት ማወቅ ይጠቅምዎታል። እኔም ዛሬ ልገልጽልዎ የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የፎቶግራፍ መብራት የሚመረጠው ብርሃኑ በሚያርፍበት ፊትና ልብስ፣ በሚቆምበትም ክፍል ልክ ነው፤ የዋቱ ቁጥር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ሰው በጉልበት ላይ ይህን ያህል ማተኮሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀድሞ ዘመን የወረሰው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በጥንቱ ዘመን ፎቶግራፍ የሚቀበለው መስተዋት ብርሃንን የሚጠጣው በዝግታ ስለ ነበረ፣ ባለሙያዎቹ ሁሉ የሚመኙት ብርቱ ብርሃን ነበር። ፈረንሳዊው ናዳር በ1861 በፓሪስ ከተማ ሥር የሚገኙትን የአፅም ዋሻዎች በባትሪ ኀይል በሚሠራ መብራት ባነሣ ጊዜ፣ አንዱን ፎቶግራፍ ለማንሣት እስከ 18 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆም ስለማይችል የሠራተኛ ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች አቁሞ ነው ያነሣው። በ1887 ሁለት ጀርመናውያን፣ ሚተና ጌዲከ፣ ማግኒዥየም ያለበትን ቦግ ብሎ የሚነድ ዱቄት አዘጋጁ። በዚህ ዱቄት የኒውዮርክን የድኾች መኖሪያ ያነሣው ጋዜጠኛ ጃኮብ ሪስ፣ በሥራው ላይ ሳለ ሁለት ጊዜ ቤት ላይ እሳት ማስነሣቱን ራሱ ጽፎአል። ከዚያ በ1930 አካባቢ አንድ ጊዜ በርቶ የሚጣለው የፍላሽ አምፖል መጣ፤ ጥቂት ቆይቶም አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በጋዝ በተሞላ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ በቅጽበት እየለቀቀ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ የሚበራውን ፍላሽ አሳደገ። ዛሬ በየፎቶግራፍ ቤቱ የሚገኘው ፍላሽ የዚያ ልጅ ነው። በመጨረሻም በ1990ዎቹ ጃፓናውያን ሊቃውንት ብሩህ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ ሠሩ፤ በእርሱም ላይ ቢጫ የሚያበራ ቅመም ተቀብቶ ነጭ ብርሃን ተገኘ። ለዚህም ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስቱ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተደከመው ብርሃንን ለማበርታት እንደ ነበረ ነው። ያ ድካም ፍሬ አፍርቷል። የዛሬ ካሜራም ራሱ ብርሃንን የመቀበል ችሎታው እጅግ ስለ ጨመረ፣ ይህ ችሎታ የሚለካበትን ቁጥር ከ100 ወደ 400 ከፍ ማድረግ ብቻ መብራቱን በአራት እጥፍ ከማበርታት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ጉልበት እንደ ቀድሞው ብርቅ ነገር አይደለም። ብርቅ ሆኖ የቀረው መልካም ብርሃን ነው።

መልካም ብርሃን ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ለማስረዳት ፀሐይን ምሳሌ አደርጋለሁ። የፀሐይ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ወደ 1,400,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ነገር ግን ከእኛ 150,000,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ለዐይናችን የምትታየው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከተያዘች፣ ስፋቷ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ከማይሞላ ክብ ነገር አትበልጥም። እንዲህ ያለች ትንሽ የብርሃን ምንጭ የምትጥለው ጥላ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ደመና በሸፈናት ጊዜ ግን ብርሃኑ በሰማዩ ሁሉ ላይ ተበትኖ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ፣ የጥላው ዳር ይደበዝዛል፤ ፊትም ለስልሶ ይታያል። በአዲስ አበባ ይህን ለመመልከት መሣሪያ አያስፈልግም። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት በደጅ የተነሣ ሰው ዐይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ተውጠው፣ ከአፍንጫውም ሥር ጥቁር ነጥብ አብጅቶ ይገኛል። ያው ሰው ወደ በረንዳው ጥላ ገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረ እንደ ሆነ ግን ሌላ ሰው ይመስላል። ብርሃኑ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም፤ ፎቶግራፉ ግን ተሻለ።

እንግዲህ በፎቶግራፍ ቤት ውስጥም ሕጉ ይኸው ነው። ከካሜራው አናት ላይ የተሰካችው ትንሽ ፍላሽ፣ የቱንም ያህል ብርቱ ብትሆን፣ የቀትር ፀሐይ ናት። የዚያችኑ ፍላሽ ብርሃን ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ ነጭ ጃንጥላ ላይ ያሳረፉት እንደ ሆነ ደመና ይሆናል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው፣ ውስጡ ብርማ ፊቱም ነጭ ጨርቅ የሆነው ሶፍትቦክስ የተባለው ሣጥን ደግሞ ብርሃኑን እንደ ጃንጥላው በየግድግዳው ሳይበትን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይመራዋል። ዋጋ ያስጨነቀው ሰው ከእንጨት አራት ማዕዘን ሠርቶ ነጭ አቡጀዲ ቢወጥርበትና መብራቱን ከበስተኋላው ቢያቆመው፣ የሚያገኘው ብርሃን ከውድ ዕቃው እምብዛም አይለይም፤ አምፖሉ የሚግል ዓይነት ከሆነ ግን ጨርቁን እንዳያቃጥል ማራቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ስፋት የሚባለው በሜትር የሚለካው ብቻ ሳይሆን ከርቀት ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ነው። አንድ ሜትር የሆነውን ሣጥን ከሚነሣው ሰው በአንድ ሜትር ርቀት ቢያቆሙት ሰፊ ደመና ነው፤ ወደ አምስት ሜትር ቢያሸሹት እየጠበበ ሄዶ ጥላው ይሳላል። ስለዚህ ትልቅ ሣጥን ገዝተው ክፍሉ እንዳይጨናነቅ ብለው ከጥግ ላይ የሚያቆሙ ሰዎች፣ የገዙትን ነገር በገዛ እጃቸው እየጣሉት ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚመለከተን ጉዳይ ልለፍ። ይኸውም የእኛ ፊትና የእኛ ልብስ ነው።

የቀለም ፎቶግራፍ በተስፋፋበት ዘመን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ የኮዳክ ኩባንያ ለማተሚያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ የሚሆን ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው አንዲት ነጭ ሴት ናት፤ ከመጀመሪያዋ ሞዴል ስም የተነሣም ካርዱ «ሸርሊ» ተባለ። የእርሷ ገጽታ መልካም ሆኖ ከወጣ ቀለሙ ተስተካክሏል ይባል ነበር። ጥቁር ወይም ጠይም የሆነ ሰው ከነጭ ሰው ጋር በአንድ ፊልም ላይ በተነሣ ጊዜ ግን ከዐይኑና ከጥርሱ በቀር ሌላው በጨለማ ተውጦ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮዝ በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ኩባንያው ጥቁርና ቡናማ ቀለማትን አጥርቶ የሚያሳይ ፊልም ለመሥራት ከገፋፉት አንዱ የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች አቤቱታ ነበር፤ ሸቀጣቸው በፎቶግራፍ ላይ በቅጡ አልታይ ብሎአቸው ነው። የሰው ፊት ያላስነሣውን አቤቱታ ቁም ሣጥን አስነሣው ማለት ነው። የዛሬው ካሜራ በፊልም የሚሠራ ባለመሆኑ ያ ነውር በመሣሪያው ላይ እንደ ቀድሞው አይታይም። ነገር ግን በመብራት አመራረጥና አጠቃቀም በኩል ዛሬም በየቀኑ ይደገማል።

እንዴት ቢሉ፣ በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚገምት ነው። አንዲት ጠይም ሴት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላ ተከናንባ በፊቱ በቀረበች ጊዜ፣ መለኪያው ያን ሁሉ ነጭ አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ሥዕሉን ያጨልመዋል። ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱም ጥቁር ይሆናል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ለማረም ፍላሹን ጨመር ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ፊቱ ይበራል፤ የነጠላው ጥለትና ፈትል ግን ነጭ ኖራ እንደ ተደፋበት ሁሉ ይጠፋል። ጉልበት መጨመር ችግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወረው እንጂ አልፈታውም።

መፍትሔው ከብርሃኑ ስፋትና አቅጣጫ ይገኛል። የነጣ ፊት የሚታየው ከላዩ በሚበተነው ብርሃን ሲሆን፣ የጠየመ ወይም የጠቆረ ፊት ግን ቅርጹን በይበልጥ የሚያሳየን በቆዳው ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። ግንባር፣ ጉንጭ፣ የአፍንጫ አጥንት፣ አገጭ፣ እነዚህ ሁሉ ብርሃኑን እንደ ተወለወለ ዋንጫ ይመልሳሉ። የብርሃኑ ምንጭ ትንሽና ደረቅ ከሆነ ነጸብራቁ በግንባር ላይ አንዲት የላብ ጠብታ የመሰለች ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሰፊና ለስላሳ ከሆነ ግን ነጸብራቁ በጉንጩ ላይ ሰፍቶ ተዘርግቶ የፊቱን አወራረድ ይቀርጸዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ፊት የሚሻለው፣ ብርቱ መብራት ፊት ለፊት ከመልቀቅ ይልቅ፣ ሰፊውን መብራት ወደ አንድ ጎን ወስዶ በአርባ አምስት ዲግሪ ያህል ማዘንበል፣ በሌላው ጎንም ነጭ ሰሌዳ አቁሞ የተረፈውን ብርሃን መመለስ ነው። ልብሱ እንዳይነጣ ደግሞ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ የብርሃኑ መካከል በፊት ላይ፣ ዳሩ ብቻ በልብሱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ዘዴ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወደ ላይ የሚዘረጋና የማይወድቅ መልካም መቆሚያ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ከሁለት ደካማ መቆሚያዎች አንድ ከባድ፣ እግሩ ሰፊ የሆነ፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢት የሚሰቀልበት መቆሚያ እመርጣለሁ።

በዚህ ረገድ ልንመለከተው የሚገባን ሰው በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ የነበረው ሴይዱ ኬይታ ነው። በ1948 ፎቶግራፍ ቤቱን ሲከፍት የሚመካበት የመብራት መሣሪያ አልነበረውም። አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ሲሆን፣ ከኋላ የሚጋርደውም መጀመሪያ የራሱን የአልጋ ልብስ ነበር። ብዙውን ጊዜም ለአንድ ደንበኛ ከአንድ ፎቶግራፍ በላይ አያነሣም ነበር፤ ዕቃው ውድ ነውና። ነጭ ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው በእርሱ ፎቶግራፎች ላይ ልብሱም ከነሽብሽቡ፣ ፊቱም ከነግርማው ይታያል። ዛሬ እነዚያ ሥዕሎች በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ፎቶግራፍ ቤት ለመክፈት ገንዘብ ያጠረው ወጣት ወደ ሰሜን የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለበት ክፍልና ሁለት ነጭ ሰሌዳ ቢያገኝ፣ የክፍሉ ኪራይ ራሱ የመብራት ግዥ መሆኑን ይገንዘብ። ደግሞም በክረምት ፀሐይዋ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ ለእነዚያ ወራት በመስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ያዘጋጅ። ነገር ግን መስኮት ሲመሽ አይሠራም፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባም ወደ ፎቶግራፍ አንሺው መስኮት አይመጣም። እንግዲህ መሣሪያ መግዛታችን አይቀርም።

ጉልበት በእውነት የሚያስፈልግበትን ጊዜም ሳልናገር አላልፍም። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር የሚደክመው በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ልክ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ ዐውደ ጥናት ሲያበቃ ተሳታፊዎቹ በደረጃ ላይ ተደርድረው የሚነሡትን የማስታወሻ ፎቶግራፍ ያስቡ። መብራቱ ከፊተኛው ረድፍ ሁለት ሜትር፣ ከኋለኛው አራት ሜትር ቢርቅ፣ ኋለኞቹ የሚደርሳቸው ሩቡ ብቻ ነው። ከፊት የተቀመጡት ኀላፊዎች እንደ ነጭ ወረቀት ሲያበሩ ከኋላ የቆሙት ጸሐፊዎች የማይታወቁበት ምክንያት ይህ ነው፤ በማዕርግ ምክንያት የመጣ አይምሰልዎ። መብራቱን ወደ ኋላ ስበው ከፊተኞቹ ስድስት፣ ከኋለኞቹ ስምንት ሜትር ያደረጉት እንደ ሆነ፣ ኋለኞቹ የፊተኞቹን ከግማሽ በላይ ያገኛሉ። ነገር ግን ከሁለት ወደ ስድስት ሜትር መሸሽ ዘጠኝ እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ለብዙ ሰው ጉባኤ የሚያነሣ መሥሪያ ቤት ብርቱ ፍላሽ ቢጠይቅ እንግዲህ እውነት አለው፤ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያነሣ ሱቅ ግን ያንኑ ቢገዛ ገንዘቡን ሜዳ ላይ አፈሰሰ።

ስለ ቀለም የምለውም አለኝ። ብርሃን ሁሉ ነጭ መስሎ ለዐይናችን ቢታይም ካሜራው አይታለልም። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ሲሆን፣ የሻማ ብርሃን ወደ 1,900፣ የቤታችን ቢጫ አምፖል ወደ 2,700፣ የቀትር ፀሐይና ፍላሽ ወደ 5,500 ይጠጋሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ፣ በጨመረ መጠን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ካሜራው ለአንዱ ሊስተካከል ይችላል፤ ለሁለቱ በአንድ ጊዜ ግን አይችልም። በመስኮት የቀን ብርሃን፣ ከኮርኒሱ ደግሞ ሸምበቆ የምንለው የፍሎረሰንት መብራት በወረደበት ቢሮ ውስጥ የተነሣ ሰው በአንድ ጉንጩ ሰማያዊ፣ በሌላው አረንጓዴ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ግድግዳውም የቀለሙን ያህል ይጨምራል፤ አረንጓዴ በተቀባ ቢሮ ውስጥ ፍላሹን በግድግዳ ላይ አንጥሮ የሚያነሣ ሰው፣ የሚነሣውን ሰው ሁሉ የታመመ ያስመስለዋል። የማይፈለገውን መብራት ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

በኤል ኢ ዲ መብራቶች ላይ ከዚህ የጠለቀ አንድ ጥያቄ አለ። ሁለት መብራቶች በኬልቪን እኩል ሆነው፣ አንደኛው የሰውን ፊት እንዳለ ሲያሳይ ሌላው አመድ ሊያስመስለው ይችላል። ይህን ለመለየት የቀለም ታማኝነት መለኪያ የሚባል ቁጥር አለ፤ ሲ አር አይ ይሉታል፤ ከፍተኛው 100 ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚገኘው ከስምንት ደብዛዛ ቀለማት አማካይ ሲሆን ደማቁ ቀይ ከቁጥሩ ውስጥ የለበትም። ቀዩ ለብቻው አር 9 ተብሎ ይለካል። ርካሽ የሆነ ኤል ኢ ዲ በአጠቃላዩ 80 አግኝቶ በቀዩ ግን ወደ ባዶ ሊጠጋ ይችላል። የሰው ፊት ደግሞ ሕይወት የሚሰጠው ከቆዳው ሥር ያለው የደም ቅላት ነው፤ ጠይም ፊትም ያለዚህ ቅላት ይገረጣል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ አጠቃላዩ ከ95፣ አር 9 ደግሞ ከ90 እንዳያንስ መጻፍ ይገባል። ሻጩ ሁለተኛውን ቁጥር ማሳየት ካልቻለ፣ ያለማሳየቱ ራሱ መልስ ነው።

ፍላሽ ይሻላል ወይስ ዘወትር የሚበራ መብራት የሚለው ክርክር ሰዎችን ብዙ ያነታርካል፤ እኔ ግን ረጅም አላደርገውም። ፍላሽ በአንድ ቅጽበት ብዙ ብርሃን ስለሚሰጥ የሚነቃነቀውን ሰው ቀጥ አድርጎ ያስቀራል፤ ጉልበቱም በዋት ሰከንድ ይለካል። ዘወትር የሚበራው ኤል ኢ ዲ የሚወጣውን ጥላ አስቀድሞ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይመቻል፤ ለተንቀሳቃሽ ሥዕልም የሚያገለግለው እርሱ ብቻ ነው። ፎቶግራፍም ቪዲዮም የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኤል ኢ ዲ ቢያስቀድም፣ ፎቶግራፍ ብቻ የሚሠራ ሱቅ ፍላሽ ቢያስቀድም ትክክል ይመስለኛል። የዱሮዎቹ የሺህ ዋት ሃሎጅን አምፖሎች ቀለማቸው እጅግ መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሚበሉት ኤሌክትሪክ የሚበዛው ወደ ሙቀት ስለሚሄድ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚነሣውን ሰው ያልቡታል። ሁለቱ በአንድነት በ220 ቮልት ላይ ወደ ዘጠኝ አምፔር ይስባሉና፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ መሰካታቸው ለእሳት መንገድ መክፈት ነው።

ርካሽ ኤል ኢ ዲ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜም አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በቅጡ ያልተሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደክምና ይበረታል። ዐይናችን ይህን አያይም፤ በካሜራው ላይ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። መዝጊያው የሚከፈትበትን ጊዜ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ማድረግ ችግሩን ያስታግሠዋል።

መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ሰፈር የሚሠራ ሰው በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ ቢገዛ ከብዙ ጭንቀት ይድናል። የመስክ ጉዞ የሚበዛበት መሥሪያ ቤት ደግሞ የባትሪውን ልክ አስቀድሞ ይመልከት። የባትሪው ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚጓዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 የበለጠው በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም። ትርፍ ባትሪም በእጅ ሻንጣ ውስጥ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ይህን ሳያውቁ ትልቁን ባትሪ ገዝቶ ከአውሮፕላን ማረፊያ መመለስ ያሳዝናል።

ለጉርድ ፎቶግራፍ የሚበቃው ግን ጥቂት ነው። ለፓስፖርት የሚሆነውን ፎቶግራፍ በሚመለከት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣው ደንብ፣ ብርሃኑ በፊቱ ላይ ሁሉ እኩል እንዲሆን፣ በፊትም ሆነ በስተኋላ ጥላ እንዳይኖር፣ መነጽርም እንዳያብረቀርቅ ይጠይቃል። ለዚህ ሁለት እኩል የሆኑ ሣጥኖች በግራና በቀኝ በአርባ አምስት ዲግሪ ቆመው፣ ሰውየው ከግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ፈቀቅ ቢል ሥራው ተፈጸመ። ባለ መነጽሩ ካብረቀረቀበት መብራቶቹን ከፍ ማድረግ ነው፤ ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ስለሚመለስ ከላይ የመጣው ወደ ታች ይወርድና ካሜራውን ይስተዋል። እዚህ ላይ ከፍ ብዬ የመከርሁት የጎን ብርሃን አይሠራም፤ ደንቡ የሚፈልገው መልክን መለየት እንጂ ግርማን ማሳየት አይደለምና። አንድ ሰው ፎቶግራፉ ጥላ አለበት ተብሎ ወረቀቱ የተመለሰበት እንደ ሆነ፣ የሁለተኛ ቀን ፈቃድ፣ የሁለተኛ ጊዜ ሰልፍና የሁለተኛ ጊዜ ክፍያ የሚጠብቀው በዚያች በአንዲት ጥላ ምክንያት መሆኑን ባለ ሱቁ ሊያስብለት ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ግዥው ራሱ። ቦወንስ የተባለው የእንግሊዝ የመብራት ኩባንያ በ1923 ተመሥርቶ በ2017 ተዘጋ። ነገር ግን ሣጥንና ጃንጥላ መያዣው፣ ሦስት ጥርስ ያለው ቀለበት፣ በሌሎች አያሌ ፋብሪካዎች ስለ ተወሰደ ዛሬም በብዙ አዳዲስ መብራቶች ላይ አለ። ኩባንያው ሞተ፣ ቀለበቱ ግን አልሞተም። አንዳንድ ውድ መብራት ደግሞ የራሱ ፋብሪካ ዕቃ ብቻ የሚገጥምበት ነው፤ ሣጥኑ በተቀደደ ጊዜ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ መብራቱ በንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እንግዲህ ዝርዝሩን ሲጽፉ በዋትና በብዛት ብቻ አይወሰኑ፤ የመያዣውን ዓይነት፣ መለዋወጫ የፍላሽ ቱቦ አብሮ መቅረቡን፣ በአገር ውስጥ የሚጠግነው መኖሩን ይጠይቁ። ሻጩ «ሺህ ዋት አከል» የሚል ጽሑፍ ካሳየዎ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ሉክስ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይግለጽልዎ። የፍላሽ ሣጥን ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ብዙ መቶ ቮልት ይዞ ስለሚቆይ፣ ጥገናውን ለመሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንኳ ሳይሰጡ ለባለሙያው እንዲተው በውሉ ያስገቡ።

ርክክብ በሚደረግበትም ቀን ዕቃው በሣጥኑ እንዳለ ተቈጥሮ በሞዴል 19 ገቢ እንዳይሆን። አንድ ነጭ ነጠላ ያስመጡ፤ ከሥራ ባልደረቦችዎ አንዱ ጠየም ያለ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱም ባለ መነጽር የሆኑ ሦስት ሰዎች በመብራቱ ፊት ተራ በተራ ይቀመጡ። ፍላሹ ሃያ ጊዜ በተከታታይ ይተኮስ፤ ሃያውም ሥዕል በብርሃን እኩል መሆኑ፣ በቀለምም አለመለዋወጡ በትልቅ መስኮት ላይ ተዘርግቶ ይታይ። የነጠላው ጥለት እየተለየ፣ የጠይሙም ሰው ጉንጭና አገጭ እየታየ ከሆነ ይፈርሙ። ካልሆነ ሻጩ ገና በር ላይ ነው።